ኮኩሎ፣ የእባቡ በዓልና ያላስመታሁት ትኬት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከፍራንክፈርት እናትሽን ይዘሽ ሮም ትመጫለሽ፣ ሜይ 1 ጣሊያን ውስጥ ኮኩሎ የሚከበረውን የእባብ በዓል ማየት ትፈልጊያለሽ፣ እናትሽ ደግሞ «ኃጢአት አይሆንም ወይ?» ብለው ፈርተዋል። እኔም በ2023 እናቴን ይዤ ነው የሄድኩት። በዚያ ላይ የእኔዋም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር።

1. በበዓሉ ቀን ጠዋት ከሮም ተነስተሽ እደርሳለሁ እንዳትዪ። ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ትራንስፖርቱ ይሳሳል። ኮኩሎ አብሩዞ በሚባለው ክልል ተራራ ላይ ያለች፣ ሁለት መቶ ሰው ገደማ የሚኖርባት መንደር ናት። በዚያ ቀን ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጎርፍባታል። ዋዜማውን ሱልሞና የምትባለው ከተማ እደሩ፣ ከዚያ በመኪና ቅርብ ነው።

2. የባቡር ትኬትሽን አስመቺ። የወረቀት ትኬት ከሆነ ባቡሩ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ጣቢያው ባለችው ትንሽ ማሽን መመታት አለበት። እኛ እዚህ ያለነው «ቲምብራሬ» የምንለው ማለት ነው። ጣሊያን አሥራ አራት ዓመት ኖሬ፣ ያን ቀን የእናቴን ሻንጣ ስጎትት ረሳሁት። ተቆጣጣሪው መጣ። ትኬቱን ገልበጥ አድርጎ አየና በሰው ሃምሳ፣ በድምሩ መቶ ዩሮ ሙልታ፣ ቅጣት ማለት ነው፣ አለኝ። የዛሬ ቀን ተጽፎበታል፣ ዋጋው ተከፍሏል ብዬ ለመንኩት። እናቴ ነገሩ ስላልገባት ከያዘችው ዳቦ ቆሎ ዘግና እጇን ዘረጋችለት። ፊቱን አዞረባት። ከመቶ ዩሮው ይልቅ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ።

ሮም ስመለስ አቤት ልል የባቡሩ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቷ ላይ ያለችው ሴት ቀና ብላ ሳታየኝ «ጣሊያንኛ የሚችል ሰው ይዘሽ ነይ» አለችኝ። የማናግራት እኮ በጣሊያንኛ ነበር! እዚያው ቆሜ ማመልከቻዬን በራሴ እጅ ጽፌ ሰጠኋት። ብሩ አልተመለሰም። ግን ተቀብላ ማህተም መታችበት፣ ቅጂውም እቤቴ አለ።

ወደ በዓሉ ልመለስ። ሦስተኛው ምክሬ ስለ ሰዓት ነው። በዓሉ የሚከበርለት የቅዱስ ዶሜኒኮ ሐውልት ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ በእኛ 6 ሰዓት። ለእናትሽ ስትነግሪያቸው እንዳይምታታ። ቀደም ብላችሁ አደባባዩ ላይ ቦታ ያዙ። ሐውልቱ ሲወጣ እባቦቹን አንገቱና ትከሻው ላይ ይጠመጥሙበታል። እባቦቹ መርዝ የላቸውም። ሰርፓሪ የሚባሉት የመንደሩ ሰዎች ከማርች መጨረሻ ጀምረው ከጫካ ይይዟቸዋል፣ ከበዓሉ በኋላ ወደያዙበት ቦታ ይመልሷቸዋል። እባቦቹ የሐውልቱን ዓይን ከሸፈኑ ደግ አይደለም ይላሉ። በጎንና በጎን የባህል ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች በቅርጫት ክብ ክብ ዳቦ ተሸክመው ይሄዳሉ።

እናቴ ይህን ስታይ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ «ዛሬ እኮ ሚያዝያ 23 ነው! በጊዮርጊስ ቀን እባብ ይሸከማሉ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሜይ 1 የእኛ ጊዮርጊስ ነው። እኔም አስረዳኋት። ዶሜኒኮ በ1031 ያረፈ መነኩሴ ነው። እባቡን አይደለም የሚያከብሩት። ከእባብ ንክሻና ከጥርስ ሕመም ይጠብቀናል ብለው ነው ቅዱሱን የሚማጸኑት። ከበፊት ጀምሮ፣ ክርስትና ሳይመጣ፣ በዚያ አገር አንጊዚያ የምትባል የእባብ አምላክ ነበረች፣ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ካህን ጠይቂ፣ እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርሽ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰዎች ተሰልፈው የደወል ገመድ በጥርሳቸው ይጎትታሉ፣ ጥርስ እንዳይታመሙ። እናቴ ያንን አልነካም አለች። ከቅዱሱ ሐውልት ጀርባ ግን አፈር እየዘገኑ ሲወስዱ አየች። አንዷን አሮጊት ምን እንደሚያደርጉበት ጠየቅኩላት። እርሻና ቤት ዙሪያ እንበትነዋለን፣ እባብ እንዳይመጣ አለችን። እናቴ ፊቷ በራ። «እምነት ነዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ አልፈራችም። አሮጊቷም ከመሶቧ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት፣ እናቴም ዳቦ ቆሎዋን ዘገነችላት። እሷ ተቀበለች፣ እዚያው ቆማ ቆረጠመችው።

ለምግብ አሮስቲቺኒ ብሉ፣ በስንጥር የተጠበሰ የበግ ሥጋ ነው፣ ለእኛ ሰው አፍ አይሰለችም። ጫማ ጠፍጣፋ አድርጉ፣ መንደሩ ዳገትና ድንጋይ ነው።

ስንመለስ ሱልሞና ጣቢያ ትኬቶቹን እናቴ ራሷ ተቀብላኝ አንድ በአንድ አስመታቻቸው። ተቆጣጣሪ እስኪመጣም እጇ ላይ ይዛ ጠበቀች። ሮም እስክንደርስ ማንም አልመጣም።