ሰርቪሱ ሳይነጋ፣ ውኃው በእኩለ ሌሊት፦ ስለ እንቅልፍ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር የመጡ ናቸው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ። ሁሉም የሚያጠነጥኑት እንቅልፍ ላይ ነው። ምሽቱን መንገድ፣ ሌሊቱን ውኃ ለሚወስድበት ሰው «ከ1 ሰዓት ጀምሮ ተረጋግተው ይቀመጡ» ማለት ፌዝ ይሆናል። ስለዚህ ያለችውን ግማሽ ሰዓት ይዘን እንነጋገር።

«የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከታክሲ ሰልፍ ተላቅቄ ኮዬ ፈጬ ስገባ 2 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ራት፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ የነገ ምሳ ዕቃ እያልኩ 5 ሰዓት ላይ ጋደም እላለሁ። ሰውነቴ ዝሏል፣ እንቅልፍ ግን እምቢ ይለኛል። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ መነሳት ግዴታዬ ነው።»

እመቤቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ከ5 እስከ 11 ስድስት ሰዓት ነው፤ ያውም ወዲያው ቢወስድዎት። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ምክር ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል ብለዋል። የጎደለውን ሻይም ሆነ ጸጥታ አይሞላውም፤ ከሆነ ቦታ መቆረጥ አለበት። እኔ ብሆን የምቆርጠው ከማጀት ነው። የሁለት ቀን ወጥ አንድ ጊዜ ይሠራ፤ ምሳ ዕቃው ራት ሲወጣ አብሮ ይሞላ። ባለቤትዎ ቤት ካሉ የቤት ሥራው የእሳቸው ድርሻ ይሁን፤ ይህን የምለው እሳቸውም እንዲያነቡት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሃይገሩ ውስጥ ነው። ጠዋት ሲሄዱ ቢያሸልብዎት ደግ ነው፣ ያተርፋሉ። ማታ ሲመለሱ መስኮት ላይ ተደግፎ መተኛት ግን ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመውን የእንቅልፍ ረሃብ ያስታግሰዋል፤ አልጋ ላይ ሲደርሱ ዓይንዎ ፍጥጥ የሚለው አንድም በዚህ ነው። ማታ ማታ እስከ ቤት እንደምንም ይታገሡ።

አሁን ወደ ግማሽ ሰዓቷ። ራት ሲነሳ ውኃ ያሙቁና ሳፋ ውስጥ እግርዎን ይንከሩ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከመንገድ የገባን እንግዳ እግር ማጠብ የኖረ ወጋችን ነው፤ ሳይንሱም ከዚሁ ወግ ጋር ይስማማል። የስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ እንዳስነበቡት፣ እጅና እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ ይተኛል። እግር ሲሞቅ የደም ሥሩ ይሰፋል፤ የውስጥ ሙቀት በዚያ ይወጣና ሰውነት መሃሉ ቀዝቀዝ ይላል። እንቅልፍ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

እግርዎ ውኃው ውስጥ እያለ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና የነገን ጣጣ ይጻፉ። «የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ እማማ ጋ መደወል።» እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ57 ወጣቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከመኝታ በፊት ለአምስት ደቂቃ የነገ ሥራቸውን የጻፉት፣ የጨረሱትን ሥራ ከጻፉት ይልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል። ዘርዘር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጥነዋል። ዘጠኝ ደቂቃ ምን አላት አይበሉ፤ ጨለማ ላይ አፍጥጦ ለሚቆጥራት ሰው ረጅም ናት።

ቅዳሜና እሑድም ከተለመደው መነሻ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ አይዘግዩ። የእሑድ ረፋድ እንቅልፍ ዋጋው የሚከፈለው እሑድ ማታ ነው።

«ውኃ ወደ ብሎካችን የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። በርሜልና ጀሪካን ሞልቼ ስመለስ እስኪነጋ እገላበጣለሁ። የሚገርመው ውኃ በማይመጣባቸው ቀናትም በዚያው ሰዓት እነቃለሁ።» (ከየካ አባዶ)

በማይመጣባቸውም ቀናት የሚነቁት አንድ ጆሮዎ ቧንቧው ላይ ስለሚያድር ነው። ጆሮውን ማሳረፍ የሚቻለው ተራ ሲኖር ብቻ ነው። በአንድ ደረጃ የምትወጡ ጎረቤቶች ተነጋገሩ፤ የዛሬ ተረኛ ባዶ ባሊ ቧንቧ ሥር አስቀምጦ ይተኛ፤ ውኃው ባሊውን ሲመታ እሱ ይነሳና የሌላውን በር ያንኳኳ። ተረኛ ያልሆነ ሰው «ዛሬ የእኔ አይደለም» ብሎ መተኛቱ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሮቶ ያለው ደግሞ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ መዝጊያ ያስገጥምና ይገላገል።

ሲነሱ ትልቁን አምፖል አያብሩ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነም አይዩ። «ሁለት ሰዓት ብቻ ቀረኝ» የሚለው ስሌት ከውኃው ይልቅ ያነቃል። ተመልሰው ሃያ ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ ግን አልጋው ላይ አይታገሉ። ጋቢ ደርበው ወንበር ላይ ቁጭ ይበሉ፤ ጸሎትም ይሁን አሰልቺ ንባብ፣ ዓይንዎ ሲከብድ ይመለሱ። ይህ ዘዴ እንቅልፍ ማጣትን ያለ ኪኒን የሚያክመው ሕክምና አካል ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ ሕክምና ይሞከር ብሏል። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ ዲያዜፓም ለሚገዙ ወዳጆቼም ይድረስልኝ።

«አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ከራት በኋላ ቡና ካልተፈላ ቅር ይላቸዋል። እኔ አቦሉን ከጠጣሁ አለቀልኝ፤ እሳቸው ግን ‹እኔን ቡና አያነቃኝም› ብለው ሦስተኛውን ጠጥተው ያንኮራፋሉ። ምን ላድርግ?»

ጥያቄው የቡና ብቻ ሳይሆን የአማትም ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እንሂድ። ካፌይን ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአማካይ ግን ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 1 ሰዓት ላይ የጠጡት ስኒ እኩለ ሌሊት ላይም ግማሹ ከእርስዎ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ ቀንሷል፤ ሰዎቹ ራሳቸው ግን ይህን ያህል እንደጎደለባቸው ልብ አላሉም። እማማም ተኝተው ሊሆን ይችላል፤ እንዴት እንደተኙ ግን በማንኮራፋት አይታወቅም።

ረከቦቱን አያንሱባቸው። የማታው ቡና ከጭሱና ከቁርሱ ጋር ወሬው ነው፤ እሱን የሚነጥቅ ምራት ሰላም አታገኝም። የሚፈላበትን ሰዓት ግን ማስቀደም ይቻላል፤ ቅዳሜና እሑድ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይፈላ። በሥራ ቀን ለእርስዎ በጦስኝ ብቻ የፈላ ውኃ በዚያው ስኒ ይቀዳልዎ፤ ሻይ ቅጠል እንዳይገባበት። እምቢ ካሉ አቦሉንና ቶናውን አሳልፈው በረካው ላይ ይቅረቡ፤ በዚያው አተላ ሦስተኛ ጊዜ የፈላ ስለሆነ ይቀጥናል። ምርቃቱም አይቀርብዎትም።

«ቲክቶክ እያየሁ 8 ሰዓት ይሆናል። ስክሪኑን ቢጫ አድርጌዋለሁ፣ ለውጥ የለም።» (ከጀሞ)

ወንድሜ፣ ብርሃኑን አጠፋህ እንጂ ወሬውን መቼ አጠፋህ! ቻርጀሩን ከአልጋህ አርቀህ በሩ አጠገብ ሰካው። ለመቀስቀሻ ደግሞ ባትሪ የሚበላ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። ሌላ የምጨምርልህ የለኝም።

«ሱሉልታ ብርዱ አያስተኛም። ምሽት ላይ የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት አስገብተን በሩን ዘግተን እንተኛለን። ጠዋት ራሴን ያመኛል፤ ከእንቅልፍ ማነስ ይሆን?»

አይደለም! ከዛሬ ማታ ጀምሮ ፍሙ ውጭ ይደር። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ዐመድ የለበሰ ረመጥም ያው ነው፤ ጭስ ስላልታየ ደህና ነው ማለት አይደለም። በሩን ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ካለ፣ በተለይ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ከተሰማው፣ ወዲያው ወደ ውጭ ወጥታችሁ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለብርዱ ካልሲ አድርጉ። የሞቀ ውኃ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ከመተኛታችሁ ሩብ ሰዓት በፊት እግርጌ ብርድ ልብሱ ሥር አኑሩት። ክፍሉ ራሱ ቀዝቀዝ ቢል ግድ የለም፤ መሞቅ ያለበት አልጋው ነው።

«ዱካክ ይይዘኛል። ነቅቻለሁ፣ አያለሁ፣ እጄን ግን ማንቀሳቀስ አልችልም። አንድ ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል።»

ያስፈራል፤ በራሱ ግን አይገድልም። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ ሕልሙን በአካል እንዳንኖረው። አንዳንዴ ንቃቱ ቀድሞ ይመጣና እስሩ ለጥቂት ጊዜ ይዘገያል። እንቅልፍ ሲጎድል፣ ሰዓቱ ሲዘበራረቅ፣ በጀርባ ሲተኙ ይበዛል። በጎንዎ ይተኙ። ሲይዝዎት ከመታገል አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ። ጸበሉንም ጸሎቱንም አልከለክልም፤ የጎደለውን እንቅልፍ ግን አብረው ይሙሉ። ቀን ቀንም በድንገት እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ።

«ባለቤቴ ያንኮራፋል፤ መሃል ላይ ትንፋሹ ቀጥ ይልና በሲቃ ይነሳል። ‹ውሸትሽን ነው› ይለኛል።» (ከለገጣፎ)

ማንኮራፋት ብቻውን ቢሆን ትራስ ጨምሪ ባልኩሽ ነበር። ትንፋሽ መቋረጡ ግን ሕክምና የሚፈልግ ነገር ነው፤ ከደም ግፊት ጋርም ይያያዛል፤ ሾፌር ከሆነ ደግሞ መሪ ላይ ያሸልበዋል። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ማታ ማታ የሚጠጣ ከሆነ መጠጥ ያባብሰዋልና እሱን ያቁም። ለማሳመኑ ስልክሽ ላይ ድምፁን ቅጂና ቁርስ ላይ ክፈቺለት፤ ሐኪሙም ይፈልገዋል።