ጥያቄና መልስ፦ መኪናዬን ዝቅ ላድርጋት፤ የትኛውን ሞላ ልግዛ?

ጥያቄ፦ በየቀኑ ሥራ የምመላለስባት የቤት መኪና አለችኝ። ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል ያለው ክፍተት ስለማያምረኝ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ልገዛ ነው። አንዱ በ30 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው በ50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርጋል፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አሞርዛተሮቹ (የሞላውን መዋዠቅ የሚገቱት) ከፋብሪካ የመጡት ሲሆኑ 90,000 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ከኋላ ብዙ ጊዜ ልጆችና ዕቃ እጭናለሁ። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ባለ 30ውን ይውሰዱ፤ አሞርዛተሮቹንም በዚያው ይቀይሩ። ብዙ ሰው ሞላ የሚመርጠው ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል ስንት ጣት እንደሚገባ እየለካ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ግን ወሳኙ ልክ ያለው አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ነው።

የአቧራ መከላከያውን ላስቲክ ገለጥ አድርገው ቢያዩ፣ ዘንጉ ላይ ስፖንጅ የመሰለ መመከቻ ጎማ ያገኛሉ። ባዶዋ መኪና በጎማዎቿ ቆማ ሳለ ከመመከቻው ጫፍ እስከ አሞርዛተሩ ገላ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ጉድጓድ ሲያጋጥማት ሞላው በነፃነት የሚታጠፍበት ቦታ ይኸው ነው።

ከኋላ 65 ሚሊ ሜትር አገኙ እንበል። ባለ 50ው ሲገባ 15 ይቀራል። ልጆቹና ዕቃው ኋላ ላይ 150 ኪሎ ቢያሳርፉ በአንድ ጎን 75 ኪሎ ይደርሳል፤ በየሚሊ ሜትሩ 32 ኒውተን (3.3 ኪሎ ገደማ) የሚሸከም ሞላ ደግሞ በዚህ ክብደት 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናዋ ገና ሳትንቀሳቀስ መመከቻው ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጉብታ እየመታ ወደ ገላዋ ይገባል፤ ሰው «ሞላው ደረቅ ነው» ይላል እንጂ የሚያደርቀው መመከቻው ነው። በባለ 30ው ግን 35 ይቀራል፣ ጭነቱ 23 ይወስዳል፣ 12 ይተርፋል። 12ም ቢሆን የሚያኮራ አይደለም። አምራቹ መመከቻውን ይህን ያህል ቁረጡ ብሎ ከጻፈ በልኩ ይቁረጡ፤ ካልጻፈ አይንኩት። ሞላውና አሞርዛተሩ ከጎማው ርቀው ወደ መሃል ገባ ብለው በታሰሩበት መኪና ቁጥሮቹ ይለያሉ፤ የአሰላሉ መንገድ ግን ያው ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘንጉ ላይ ጠበቅ አድርገው ይሰሩና እስከ አሞርዛተሩ ገላ ድረስ ያስጠጉት። እንደ ወትሮው ጭነው ለአንድ ሳምንት ይንዱ። ማሰሪያው ተገፍቶ የቆመበት ቦታ በዚያ ሳምንት አሞርዛተሩ እስከ የት እንደገባ ያሳያል። አሁን ባለው ሞላ መመከቻው ጋ ከደረሰ፣ ዝቅ የማድረጉን ሐሳብ ቢተዉት ይሻላል።

ወደ አሞርዛተሩ ስንመጣ፣ የፋብሪካው ሞላ በየሚሊ ሜትሩ 25 ኒውተን የሚሸከም ከሆነ ባለ 32 ኒውተኑ አዲስ ሞላ በ28 በመቶ ይጠነክራል። ለዚህ አሞርዛተሩ በ13 በመቶ ገደማ የበለጠ መግታት አለበት። አዲስ ሲሆን ይህን ይችለው ይሆናል፤ 90,000 የሄደ ግን የገዛ ሞላውንም በደንብ መያዝ አቅቶት ይሆናል። ምልክቱ መኪናዋ ጉብታ ካለፈች በኋላ ሁለቴ ሦስቴ መዋዠቋ ነው። ባለ 50ው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጭር አሞርዛተር ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ መኪናዋ ተነሥታ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላውን በእጅ ያሽከርክሩት። ከላላና ከዞረ፣ መንገድ ላይም ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

ስለ ሞዴሉ ስምም እንጠንቀቅ። ያው መኪና በናፍጣ ሞተር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ይከብዳል። ስለዚህ ከሞላው ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የፊትና የኋላ የክብደት ወሰን ከመኪናዎ ጋር ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ አዲስ ከመግዛት የራሴን ሞላ አንድ ዙር ባስቆርጠውስ?

መልስ፦ አይሆንም። የሚሠራ 7 ዙር ያለው ሞላ አንድ ሲቀነስለት 6 ይቀራል፤ ጥንካሬው በ17 በመቶ ይጨምራል፣ አሞርዛተሩ ግን ያው ነው። በእሳት ከተቆረጠ ደግሞ ሙቀቱ የነካው ብረት ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ያጣና እዚያው ጋ ሊሰበር ይችላል። የተቆረጠው ጫፍም መቀመጫው ላይ በወጉ አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ሞላ ካስቀየርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። የፊት ጎማዎቼ በውስጥ በኩል ተበሉ፤ ጉብታ ላይም ሲጥ ሲጥ ይላል።

መልስ፦ ጎማው ሲበላ ሁሉም ካምበርን (የጎማውን ወደ ጎን ዘንበል ማለት) ይወቅሳል። በእርግጥ መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፤ ዋናው አጥፊ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውጭ ማየታቸው ነው። መኪናው ሲወርድ የመሪ ዘንጎቹ ማዕዘን ስለሚለወጥ ይህ ልክ ይዛባል። አላይመንት ያሠሩ፤ ሞላው እስኪረጋ 300 ወይም 500 ኪሎ ሜትር መንዳት ይበቃ ነበር፣ ሁለት ወር ግን ረዝሟል። የተበላው ጎማ አላይመንት ስለተሠራ አይመለስም።

ሲጥ ሲጥ የሚለው ከብራቾው (ጎማውን ከመኪናው ገላ ጋር ከሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። የብራቾው ቡሎን መኪናው ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሲውል ሲያድርም ይቀደዳል። መፍትሔው ቡሎኑን አላልቶ መኪናውን በራሱ ክብደት ማቆምና በዚያው ከፍታ እንደገና ማጥበቅ ነው። ከሥር መግባት ካልተቻለ፣ መኪናው መሬት ላይ ሳለ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከዚያም መኪናው በማንሻ ላይ ሳለ ያው ልክ እስኪመጣ ብራቾውን በክሪክ ያንሡ። ቡሎኑ በአምራቹ ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጠብቅ። የፊት መብራቱንም አብረው ያስተካክሉ፤ ፊቱ ከኋላው ይበልጥ ከወረደ ብርሃኑ አፍንጫዎ ሥር ይወድቃል።