ደመወዙን ሳላውቅ ፈተናውን ልሥራ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ባለፈው ሳምንት “ጀማሪ ፕሮግራመር” የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዝቅ ሲል ግን ቢያንስ 3 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ሪአክትና ኖድ (የድረ ገጽ መሥሪያዎች)፣ የሞባይል አፕ፣ ዶከርና ኩበርኔቲስ (ፕሮግራምን በሰርቨሮች ላይ ማስኬጃና ማስተዳደሪያዎች) ይጠይቃል። “ጫና መቋቋም የሚችል” የሚልም አለበት። ደመወዝ፦ በስምምነት። እስቲ ልሞክር ብዬ አመለከትኩ። አሁን ከቃለ መጠይቁ በፊት የምሠራው ፈተና ልከውልኛል። ደንበኛ የሚመዘገብበት፣ ቀጠሮ የሚይዝበትና ክፍያ የሚፈጽምበት ሙሉ ድረ ገጽ በ5 ቀን ሠርቼ እንዳስረክብ ነው። ደመወዙን ልጠይቅ ብዬ ፈራሁ። ገና ሳትቀጠር ስለ ገንዘብ ታወራለች እንዳይሉኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?
*ግራ የገባት ጀማሪ*

መልስ፦ እህቴ፣ ጠይቂ። ፈተናውን ሳትነኪ፣ ዛሬውኑ ጠይቂ።

እነሱ ሲቪሽን፣ የትምህርት ማስረጃሽንና ኮድሽን ያስቀመጥሽበትን የጊትሃብ አካውንትሽን አይተዋል። አንቺ አንድ ቁጥር ብትጠይቂ ምንም ነውር የለውም። አንድ ድርጅት ሰው ልቅጠር ብሎ ማስታወቂያ ሲያወጣ ባጀት ይዟል። ቁጥሩ አለ፤ የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

“በስምምነት” የሚለው አሠራር አብዝቶ የሚጎዳው ጀማሪን ነው። ልምድ ያለው ሰው የገበያውን ዋጋ ያውቃል፣ ካልተስማማው ትቶ ይሄዳል። ጀማሪ ግን ስንት እንደሚጠራ ግራ ይገባዋል። እንዳያመልጠኝ ብሎ ዝቅ አድርጎ ይጠራል። የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ ደግሞ በዚያው ዝቅተኛ ቁጥር ላይ በፐርሰንት ይሰላል። ሥራ ሲቀይርም “የቀድሞ ደመወዝህ ስንት ነበር?” ይባላል። አንድ ቀን በፍርሃት የተጠራ ቁጥር ለዓመታት ይከተለዋል። በጣም የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

ይህን አይተው ሕግ ያወጡ አሉ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ከ2021፣ ኒውዮርክ ከተማ ከ2022 መጨረሻ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ቀጣሪዎች ደመወዙን ከዚህ እስከዚህ ብለው በማስታወቂያው ላይ እንዲጽፉ ያስገድዳሉ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 መመሪያ አውጥቷል። አባል አገሮች በየሕጋቸው እንዲያስገቡት የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ጁን 2026 ነው። መመሪያው አመልካቹ ስለ ደመወዝ ከመደራደሩ በፊት የመነሻ ደመወዙን ወይም ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ እንዲያውቅ ያዛል። የቀድሞ ደመወዝን መጠየቅም ይከለክላል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንቺ ባለሽበት እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖር እንኳ ጥያቄሽ ተገቢ ጥያቄ ነው።

አጻጻፉ እንዲህ ይሁን፦

“ፈተናውን ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት ሦስት ነገሮችን ባውቅ ደስ ይለኛል። ለቦታው የተያዘው ደመወዝ ከስንት እስከ ስንት ነው? ቁጥሩ ግብር ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በሙከራው ጊዜስ ያው ነው?”

በቃ። “ይቅርታ ካስቸገርኩ” አትበይ። “እንደ ችሎታሽ ነው” ካሉሽ፣ “እሺ፣ ዝቅተኛውን ብቻ ንገሩኝ” በያቸው። እሱንም እምቢ ካሉ ሌላ ማመልከቻ መጻፍ ጀምሪ።

አሁን ወደ 3 ዓመቱ ልምድ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ልምድ ያለው ሰው በጀማሪ ዋጋ ይፈለጋል። ሁለተኛው፣ ሥራውን የማያውቅ ሰው ከሌላ ማስታወቂያ ገልብጦ ለጥፎታል። ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚያስኬድ ላሳይሽ። ፋስት ኤፒአይ የሚባለውን የፓይተን ቋንቋ ማዕቀፍ (ፕሮግራም የሚሠራበት ዝግጁ መሠረት) የፈጠረው ሰባስቲያን ራሚሬዝ ነው፤ ይፋ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። በ2020 ግን በዚሁ ማዕቀፍ ቢያንስ 4 ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ አገኘ። ፈጣሪው ራሱ ያለው ልምድ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ስለነበር ማመልከት እንደማይችል በትዊተር ጻፈ። ስለዚህ የመስፈርት ዝርዝር ሲረዝም ራስሽን አታሳንሺ።

ከጀማሪ እኔ የምጠብቀው ይህን ነው፦ አንድ ቋንቋ በደንብ ማወቅ፣ ጊት (የኮድ ለውጦችን መመዝገቢያ) መጠቀም፣ ቀላል የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ጥያቄ መጻፍ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ አንብቦ መረዳት። ከሁሉም በላይ ግን ሲበላሽበት ስህተቱን ደረጃ በደረጃ መፈለግ። ኩበርኔቲስ የጀማሪ ሥራ አይደለም። ያንን ሁሉ ከአንድ ጀማሪ የሚፈልግ ቤት ሌላ ፕሮግራመር ላይኖረው ይችላል። ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃሻል፦ “የምጽፈውን ኮድ የሚገመግመው ማን ነው?” ስም ወይም የሥራ መደብ ከጠሩልሽ ጥሩ ነው። “አንቺው ራስሽ ትወጪዋለሽ” ካሉሽ ለብቻሽ ሊተዉሽ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ቀጥሬ አብሬ ሠርቻለሁ። ፈጥነው ሲያድጉ ያየኋቸው ኮዳቸውን በየቀኑ የሚያይላቸው ሰው ያገኙት ናቸው።

“ጫና መቋቋም” የሚለውንም እንዲሁ አትለፊው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ ማን እንደሚጠራ ጠይቂ። ደመወዙ ለ40 ሰዓት ተብሎ በተግባር 55 ሰዓት ከሠራሽ፣ የአንድ ሰዓት ዋጋሽ ከሩብ በላይ ወርዷል። ከፍ ያለ የሚመስል ደመወዝ እንዲህ ሲሰላ ዝቅ ካለው ሊያንስ ይችላል።

ፈተናው ግን ዓይን ያወጣ ነው። ምዝገባ፣ ቀጠሮ፣ ክፍያ፣ ይሄ ደንበኛ የሚከፍልበት ምርት ነው። የጀማሪን ችሎታ ለማየት ሁለት ሦስት ሰዓት የሚወስድ ትንሽ ሥራ ይበቃል፦ አንድ የተበላሸ ፋንክሽን ማስተካከል፣ አንድ ዝርዝር ከኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚቀባበሉበት መንገድ) አምጥቶ ማሳየት። የድርጅቱን ሎጎ፣ የራሱን ዳታቤዝ ወይም የእውነተኛ ደንበኛ ስም አብረው ልከውልሽ ከሆነ በነጻ እያሠሩሽ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አማራጭ አቅርቢላቸው፦ ከዚህ በፊት የሠራሽውን አንድ ፕሮጀክት ከፍተሽ መስመር በመስመር ታስረጃቸው፣ ወይም ከፕሮግራመራቸው ጋር ለአንድ ሰዓት አብረሽ ኮድ ጻፊ። ደህና ቤት በዚህ ይስማማል፤ ስለ አንቺም ከ5 ቀኑ ሥራ የበለጠ ያውቃል። የግድ ሙሉውን ካሉ ክፍያ ጠይቂ፣ ካልተቀጠርሽ ኮዱ የአንቺ እንደሚሆንም በጽሑፍ ያረጋግጡልሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። “መጀመሪያ ለሥልጠናው ክፈዪ፣ ከዚያ እንቀጥርሻለን” የሚል ካጋጠመሽ ጥለሽ ውጪ። እሱ ላይ ማሰብ እንኳ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሦስት ፕሮግራመሮች ያሉት ትንሽ ድርጅት እመራለሁ። አንድ ጀማሪ ልንጨምር ነው። ደመወዙን በማስታወቂያ ላይ ብጽፍ ነባሮቹ እንዳያጉረመርሙ ፈራሁ። ባጀታችንም ትንሽ ስለሆነ ጎበዝ ልጆች ቁጥሩን አይተው ይሸሻሉ። ባልጽፈው አይሻልም?
*አንድ ሥራ አስኪያጅ*

መልስ፦ ይጻፉት። የጀማሪው ደመወዝ ሲታይ ነባሮቹ የሚያጉረመርሙ ከሆነ ችግሩ ከማስታወቂያው በፊት ቤትዎ ውስጥ ነበር። ሰዎች ደመወዛቸውን ያወራሉ፤ ልጁ ከተቀጠረ በኋላ መስማታቸው አይቀርም። በመጀመሪያ የእነሱን ያስተካክሉ።

ባጀትዎ ትንሽ ከሆነ ደግሞ የሚጠብቁትን ይቀንሱ። በአነስተኛ ደመወዝ የድር፣ የሞባይልና የሰርቨር ሥራ ለአንድ ሰው አይጫንም። ቁጥሩን አይተው የሚሸሹት፣ ሦስት ዙር ቃለ መጠይቅ ካደረጉላቸው በኋላም መሸሻቸው አይቀርም፤ ያኔ የእርስዎም የእነሱም ጊዜ ባክኗል። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለውንም በጣም አያራርቁት። ዝቅተኛው ለማን፣ ከፍተኛው ለማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ።

“ተነሳሽነት ያለው” የሚለውን አውጥተው በምትኩ ሥራውን ይጻፉ። ለምሳሌ፦ “በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሪፖርት ገጾቻችን ላይ ያሉ ስህተቶችን ያርማል፣ ቴስት ይጽፋል። ኮዱን በየቀኑ አንድ ነባር ፕሮግራመር ይገመግመዋል። ከዚያ በኋላ አንድ አነስተኛ ክፍል ለብቻው ይረከባል።” የግድ የሚያስፈልገውን ሦስት አራት ነገር ብቻ ያስቀምጡ፣ ሌላውን “ቢኖር ጥሩ ነው” ከሚለው ሥር ያድርጉት። የምርጫው ሂደት ስንት ዙር እንደሆነና መልስ በስንት ቀን እንደሚሰጡም ይጨምሩበት፤ ላልተመረጡትም ቢሆን።

ረቂቁን ከማውጣትዎ በፊት ለሦስቱ ፕሮግራመሮችዎ ይስጧቸውና “ሥራ ስትጀምሩ ይህን አሟልታችሁ ነበር?” ብለው ይጠይቋቸው። አንዳቸውም አላሟላሁም ያሉትን መስመር ይሰርዙት።