የፍሪሲዮኑ ፔዳል እግሬን ጨረሰው

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። የ2002 ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ፣ ማንዋል። ፈጣን መንገዱ ላይ ችግር የለም። ፖስታ ቤት አካባቢ በባጃጅ መሀል ቆም ሄድ ሲሆን ግን ፔዳሉ ከብዶኝ ግራ እግሬ ይንቀጠቀጣል። አንድ መካኒክ የፍሪሲዮኑን ዘይት ቀይሮ አየር አስወጣልኝ፤ ምንም ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አየር ቢገባበት ኖሮ ፔዳሉ ይላላ ነበር እንጂ አይከብድም። ያ ብር በከንቱ ወጣ። መጀመሪያ ቀላሉን እይ። ፔዳሉን ከማስተሩ (ስትረግጥ ዘይቱን ከሚገፋው ፓምፕ) ዘንግ አላቅቀህ በእጅህ አወዛውዘው፤ ያኔም ከከበደ የተሰካበት ቦታ ደርቋል፣ ግራሶ ይበቃዋል። ከቀለለ ወደ ታች ውረድ። የዘይቱ ጎማ ቱቦ ሲያረጅ ውስጡ ያብጥና መተላለፊያውን ያጠብበዋል፤ ምልክቱ ፔዳሉ ስትለቀው እየተጎተተ መመለሱ ነው።

እሱም ደህና ከሆነ ነገሩ ያለው ካምቢዮው ጋ ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ እየሳሳ ሲሄድ የፕሬሸር ፕሌቱ (ዲስኩን ተጭኖ የሚይዘው ሳህን) ስፕሪንግ አቀማመጡ ይቀየርና ለመጫን ይከብዳል፣ ስፕሪንጉን የሚገፋው ኩሽኔታ የሚንሸራተትበት ቱቦም ይደርቃል። ደግሞ የሸጠልህን ሰው ጠይቀው። የስፖርት መኪና ወዳጅ ጠንካራ ፕሌት ማስገባት ይወዳል (እኔም በልጅነቴ ሞክሬዋለሁ፣ ጉልበቴ ያውቀዋል)፤ እንደዚያ ከሆነ ክብደቱ ብልሽት ሳይሆን ጠባዩ ነው።

ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ዲስክ፣ ፕሌትና ኩሽኔታ ሦስቱንም ቀይር፤ አለበለዚያ የእጅ ዋጋ ሁለቴ ትከፍላለህ። የኩሽኔታው ቱቦ ላይ የሚቀባው ግራሶ በስሱ ይሁን፣ ዲስኩን ከነካው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።