የልጆች ትርፍ አንጀት፦ ሁለት ጥናት፣ ሁለት ቁጥር ለምን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ10 ዓመት ልጄ ባለፈው ወር ትርፍ አንጀት ታሞ ሆስፒታል ተኛ። አልፈነዳም ነበር። «ኦፕራሲዮን ወይም አንቲባዮቲክ፣ ምረጡ» አሉን። አንቲባዮቲኩን መረጥን፣ አሁን ደህና ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን አንዱ «ከ10 ልጆች 9ኙ ይድናሉ» ይላል። ሌላው «ከ3 አንዱ በኋላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል» ይላል። የቱን ልመን? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተሻለው! ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንድ ጥናት ልጁ ኦፕራሲዮን ሳይደረግ ከሆስፒታል ከወጣ ተሳክቷል ብሎ ይቆጥራል። ሌላው ግን ዓመት ሙሉ ይከታተላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ከወጣ አልተሳካም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት እንይ። በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በስዊድንና በሲንጋፖር 936 ልጆች ተሳትፈዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንቲባዮቲክ 34 በመቶ በሚሆኑት ላይ፣ ቀዶ ሕክምና ደግሞ 7 በመቶ በሚሆኑት ላይ አልተሳካም ተባለ። ግን ልብ ይበሉ፤ በቀዶ ሕክምናው በኩል አልተሳካም የተባለው በአብዛኛው የወጣው ትርፍ አንጀት ሲመረመር ጤነኛ ሆኖ ስለተገኘ ነው። በሌላው በኩል ደግሞ በመድኃኒት የታከመው ልጅ በኋላ ኦፕራሲዮን መሆኑ ነው። እነዚህ ለእኔ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም።

በ2020 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከመደበኛ ኑሮ የራቁበትን ቀንም ቆጥሯል። በዓመት ውስጥ አንቲባዮቲክ የመረጡት በአማካይ 6.6 ቀን፣ ቀዶ ሕክምና የመረጡት 10.9 ቀን ነበር። እንግዲህ ቀን ከቆጠሩ መድኃኒቱ ይሻላል፤ የሕመሙን መመለስ ከቆጠሩ ቀዶ ሕክምናው።

ለዚህ ነው በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በ2020 አንድ የጋራ ዝርዝር ያወጡት። ያልተወሳሰበ (ያልፈነዳ) የልጆች ትርፍ አንጀትን የሚያጠና ሁሉ ቢያንስ 14 ነገር ይለካ አሉ። ሆድ ውስጥ መግል መቋጠር፣ የቁስል መመርቀዝ፣ የአንጀት መዘጋት፣ ተመልሶ ሆስፒታል መግባትና የሕመሙ ማገርሸት አሉበት። እኔን ደስ ያለኝ ግን የልጁ ጭንቀትና ወደ ሙሉ እንቅስቃሴው እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ መግባቱ ነው። ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ወላጆችና ታመው የነበሩ ልጆችም ተጠይቀዋል። ሐኪም ብቻውን ቢሆን እነዚህን ይረሳቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። በእርግጥ ዝርዝሩ ምን እንደሚለካ እንጂ እንዴትና መቼ እንደሚለካ ሁሉን አልጨረሰም።

ስለዚህ ቁጥር ሲያነቡ «እስከ መቼ ተከታትለው ነው? ምኑን ቆጥረው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልጅዎንም በተለይ በዚህ በመጀመሪያው ዓመት ይከታተሉት፤ ሕመሙ የሚመለሰው በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው። ሆዱን በቀኝ በታች በኩል ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም ካተኮሰው በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ማስታገሻ ሰጥተው አይጠብቁ። ትርፍ አንጀቱ እንዳልወጣም ይንገሯቸው። ለክረምት አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር አስቀድመው ይመካከሩ፤ የሕክምና ማስረጃውንም ይዘው ይሂዱ።