የኬሚስቶቹ ማኅበር ውስጥ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከላካችሁልን ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን ሰብሰብ አድርገናቸዋል። ሁሉም የመጡት አሜሪካ ውስጥ በኮስሞቲክስ ሥራ ላይ ካላችሁ፣ ወይም ልትገቡበት ካሰባችሁ አንባቢዎች ነው። ጉዳዩ ሶሳይቲ ኦቭ ኮስሜቲክ ኬሚስትስ ስለሚባለው የኮስሞቲክስ ኬሚስቶች ማኅበር ነው፤ ሰዉ አሳጥሮ ኤስ.ሲ.ሲ. ይለዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሻምፑና ሎሽን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር እሠራለሁ። የኬሚስትሪ ዲግሪ አለኝ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ኤስ.ሲ.ሲ. ግባ ግባ እያለ ነዘነዘኝ። በየዓመቱ ከፍዬ ምን አገኛለሁ? ሥራ ያስገኛል እንዴ? (ነዝናዛው ጓደኛ ያለው)

መልስ፦ ካርዱን ኪስህ ከትተህ ቤትህ ልትቀመጥ ከሆነ ይቅርብህ። ስብሰባ የምትሄድ ከሆነ ግን ግባ።

ማኅበሩ በ1945 የተቋቋመ ነው። ከ1947 ጀምሮ የራሱን ሳይንሳዊ ጆርናል ያወጣል። ዓመታዊ ሳይንሳዊ ጉባኤም አለው። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን አንተን የሚመለከትህ ሌላው ክፍል ነው፣ ቻፕተር የሚሉት የአካባቢ ቅርንጫፍ። ኒው ዮርክ አለ፣ ካሊፎርኒያ አለ፣ ሚድዌስት፣ ፍሎሪዳ፣ ካሮላይና እያለ ይቀጥላል፤ ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ ድረስ። የሚተዋወቀው ሰው እዚያ ነው ያለው።

ቻፕተሩን የሚመሩት ደመወዝተኞች አይደሉም። ሊቀ መንበር፣ ለሚቀጥለው ዓመት የተመረጠ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉ። አባላቱ ናቸው የሚመርጧቸው። ቀን ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ክሬም ሲያማስሉ ይውሉና ማታ ደግሞ ለስብሰባው አዳራሽ ይፈልጋሉ፣ ተናጋሪ ይለምናሉ፣ ስፖንሰር ያግባባሉ፣ ስንት ሰው እራት ይበላል እያሉ ይቆጥራሉ። ስለዚህ ሁሌም ሰው ያጥራቸዋል። ላግዝ የሚል ሰው ሲመጣ ደስታቸውን አትጠይቀኝ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ምዝገባው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነው። የስም ካርድ የምታድለው አንተ ከሆንክ፣ የገባው ሰው ሁሉ ስሙን ይነግርሃል፣ የት እንደሚሠራ ደረቱ ላይ ተጽፏል። እንዴት ብዬ ላናግረው የሚባል ጭንቀት የለም። ከዚያ መሃል ዋናዎቹ የጥሬ ዕቃ አቅራቢ ድርጅቶች ቴክኒክ ሰዎች ናቸው። እነሱ የማይገቡበት ላብ የለም፤ ዛሬ እዚህ ስለ ኢመልሲፋየር፣ ማለትም ዘይትና ውኃን ስለሚያዋህደው ንጥረ ነገር፣ ሲያስረዱ ይውላሉ፣ ነገ እዚያ። ማን እንደለቀቀ፣ ማን ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያው ሳይወጣ ያውቃሉ። ከጥራት ቁጥጥር ወደ ፎርሙሌሽን፣ ማለትም ምርቱን ወደ መቀመር ሥራ፣ መሻገር ከፈለግህ፣ የፒኤችና የቪስኮሲቲ (የአሲድነትና የውፍረት) ልኬት ሥራህ ትልቅ ነገር ነው። የተበላሸ ባች (የአንድ ዙር ምርት) ያየ ሰው ፎርሙላ ሲሠራ ይጠነቀቃል፤ ይሄን የሚያውቅ አለቃ ደግሞ የምታገኘው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ፋብሪካህ ስትቀጠር ምስጢር እጠብቃለሁ የሚል ወረቀት ሳያስፈርምህ አልቀረም። እራት ጠረጴዛ ላይ ወይን ይዘህ የድርጅትህን ፎርሙላ መዘርዘር የለም። ጥያቄህን ጠቅላላ አድርገው። ለምሳሌ ዛንታን ገም የሚባለው ማወፈሪያ ዱቄት ውኃ ውስጥ ሲገባ እየጓጎለ አስቸግሮኛል ብትል፣ ከአጠገብህ ያለው ሰው መጀመሪያ ግሊሰሪን ውስጥ በትነህ ከዚያ ውኃው ላይ እያማሰልክ ጨምረው ይልሃል። ማንም ምስጢር አልወጣበትም፣ አንተ ግን ጧት ሥራህ ቀለለ።

ደግሞ ከኪስህ ከመክፈልህ በፊት አለቃህን ጠይቀው። የአባልነት ክፍያ የሚሸፍኑ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ያልጠየቀ ነው የማያገኘው።

ጥያቄ፦ ኦሃዮ ውስጥ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ሜካፕና የፀጉር ቅባት መሥራት ነው የምፈልገው። ፕሮፌሰሬ የቻፕተር ስብሰባ ሂጂ አለችኝ። እኔ ግን ሰው መሃል ስገባ አፌ ይተሳሰራል፣ አክሰንቴም አለ። እዚያ ምን ይደረጋል? ብቻዬን ገብቼ ምን ልበል? (ዓይን አፋሯ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ አክሰንቱ አትጨነቂ። አሜሪካ የኮስሞቲክስ ላብ ውስጥ አክሰንት የሌለው ሰው ብትፈልጊ ስትፈልጊ ይመሽብሻል።

የተለመደው ስብሰባ ከሥራ በኋላ ማምሻውን ነው። ስምሽን ታስመዘግቢያለሽ፣ የስም ካርድ ይሰጥሻል፤ ድርጅት በሚለው ቦታ የዩኒቨርሲቲሽ ስም ይገባል። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ሰው ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ያወራል። እራት ይመጣል። ተናጋሪው ስላይዱን ይዞ ይነሣል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ የቻፕተሩ ማስታወቂያ ይነበባል፣ ሰዉ ይበተናል።

የሚያስፈራሽ ያ የመቆሚያው ሰዓት ነው አይደል? አንዳንዴ አቅራቢዎች ትንንሽ ጠረጴዛ ይዘው ናሙና ይደረድራሉ። እዚያ ሂጂ። አንዱን ክሬም የእጅሽ ጀርባ ላይ ጠብታ አድርጊና አሺው። አንዳንዱ ስታሺው ነጭ አረፋ መስሎ ይንሳፈፋል እንጂ ቶሎ አይገባም። አጠገብሽ የቆመ ሰው ያንን ካየ ዝም አይልም፤ ትንሽ ዳይሜቲኮን (የሲሊኮን ዘይት) ቢጨመርበት ይጠፋ ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ አይ፣ ፋቲ አልኮሆል የሚባለው ሰም መሰል ማወፈሪያ በዝቶበት ነው ይላል። ለምን ብለሽ ብትጠይቂ በቂ ነው። አሥር ደቂቃ ያወሩልሻል። ኬሚስት ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይቆጠባል፣ ስለ ኢመልሽን (ስለ ዘይትና ውኃ ውሕድ) ሲጠየቅ ግን የሚያስቆመው የለም።

እራት ላይ ከተማሪዎች ጋር አትቀመጪ። እነሱን ክፍል ታገኛቸዋለሽ።

ለተማሪ የተለየ አባልነት አለ። ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ቻፕተሮችም አሉ፤ ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ የአካባቢሽን ቻፕተር ጠይቂ። ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፣ ኦሃዮ ነሽ። የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ኮስሞቲክስ ሳይንስ ያስተምራል፣ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በማስተርስ። በዚህ ሙያ ስም ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ቤት እንዲህ እንደልብ አይገኝም፤ አንቺ ሁለቱም ግዛትሽ ውስጥ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ፀጉር እሠራለሁ፤ ላይሰንስ አለኝ። ሺያ በተር ከተለያየ ዘይት ጋር ቀላቅዬ ለደንበኞቼ እሸጣለሁ። አሁን ሎሽንም ልጀምር ነው። የማኅበሩ አባል ብሆን ምርቴ ሕጋዊ ይሆንልኛል? ጠርሙሱ ላይስ አባል ነኝ ብዬ ልለጥፍ? (የልጆች እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ አይሆንም፤ ሁለቱም አይሆንም። ኤስ.ሲ.ሲ. የሙያ ማኅበር ነው፤ ምርት አይመረምርም፣ ፈቃድ አይሰጥም። የእርስዎ ላይሰንስ ፀጉር እንዲሠሩ ስቴቱ የሰጠዎት ነው። አባልነቱም በዋናነት የሳይንስ ዲግሪ ይዘው በሙያው ለሚሠሩ ሰዎች የታሰበ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ዝግጅቶች ላይ አባል ያልሆነ ሰው ትንሽ ጨምሮ ከፍሎ መግባት ይችላል። አንድ የትምህርት ቀን ላይ ቢገኙ አይቆጩም።

ሕጉ ሌላ ነው። በዲሴምበር 2022 መጨረሻ ላይ የኮስሞቲክስ ቁጥጥርን የሚያሻሽል ሕግ ወጣ፤ ሙያተኞቹ ሞክራ ይሉታል። የሦስት ዓመት አማካይ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ አነስተኛ ንግድ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ዘንድ ከመመዝገብና ምርቱን ከማስመዝገብ ነፃ ነው። ግን ዓይን ውስጥ የሚነካ ነገር የሚሠራ ከሆነ ይሄ ነፃነት አይሠራለትም። ትንሽም ይሁን ትልቅ ሁሉም ሰው ምርቱ አደገኛ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ አለበት። ከባድ ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ደንበኛ ከመጣም በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ለኤፍዲኤ ማሳወቅ ግድ ነው። ደግሞ ኤፍዲኤ ያጸደቀው ሎሽን የሚል ጽሑፍ ካዩ አይመኑ፤ ኤፍዲኤ ከገበያ በፊት የሚያጸድቀው አንዳንድ ማቅለሚያዎችን እንጂ ኮስሞቲክሱን አይደለም። ኤክዚማ ያድናል ብለው ከጻፉ ደግሞ ምርትዎ በሕግ ዓይን መድኃኒት ሆነ ማለት ነው፤ እዚያ ውስጥ አይግቡ።

አሁን ዋናው ነገር። ሺያውና ዘይቱ ብቻ ሲሆኑ ውኃ ስለሌለ ባክቴሪያ አይመቸውም። ሎሽን ግን ውኃ አለው። የእሬት ጭማቂም ይሁን የጽጌረዳ ውኃ፣ ያው ውኃ ነው። ውኃ በገባበት ቅጽበት ፕሪዘርቫቲቭ፣ ማለትም ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራባ የሚከላከል ነገር፣ ያስፈልግዎታል። ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ የሚሉ ሰዎች አሉ። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ አርጅቶ ቶሎ እንዳይከረፋ ያግዛል፤ ባክቴሪያና ሻጋታን ግን ምንም አያደርጋቸውም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም፣ ደንበኛዎ መታጠቢያ ቤቷ ነው የምታስቀምጠው፣ እርጥብ ጣቷን ነው የምትነክርበት።

ፕሪዘርቫቲቩ መሥራቱ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ላብ ውስጥ ሆን ብለው ባክቴሪያና ፈንገስ ሎሽኑ ውስጥ ይጨምሩና እስከ 28 ቀን ድረስ እየቆጠሩ መቀነሱን ያያሉ። ገንዘብ ይጠይቃል፣ እውነት ነው። ያንን እስኪችሉ ድረስ ውኃ የሌለውን ምርትዎን ይሽጡ፤ እኔ እህቴም ብትጠይቀኝ የምላት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሰፕላየርስ ዴይ እና ዓመታዊ ጉባኤው አንድ ናቸው? የቱ ይሻለኛል? (ጥድፊያ ላይ ያለ)

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ጉባኤው ጥናት የሚቀርብበት ነው፣ የአገር አቀፉ ማኅበር ነው የሚያዘጋጀው። ሰፕላየርስ ዴይ ደግሞ የቻፕተር ሥራ ሲሆን የጥሬ ዕቃ ገበያ ነው። ትልቁ የኒው ዮርኩ ነው፣ ጃቪትስ ሴንተር ውስጥ፤ ካሊፎርኒያም ሎንግ ቢች ላይ የራሱ አለው። ለሥራህ ጥሬ ዕቃ የምትፈልግ ከሆነ ሰፕላየርስ ዴይ ሂድ፤ የሚያመች ጫማ አድርግ። ስለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ብቻ ከሆነ የምትጨነቀው፣ የፍሎሪዳ ቻፕተር በየሁለት ዓመቱ ለእሱ ብቻ የተለየ ሲምፖዚየም አለው። ፀሐይ የማያጣ ስቴት ነዋ።

ጥያቄ፦ ሁለት የቻፕተር ስብሰባ ሄጄ ተበሳጨሁ። ተናጋሪው ሁለቱም ጊዜ የጥሬ ዕቃ ሻጭ ነበር። ሳይንስ ነው ብለው ጠርተውን ማስታወቂያ ያሰሙናል። ለምን እከፍላለሁ? (የተበሳጨው ከካሊፎርኒያ)

መልስ፦ ብስጭትህ ይገባኛል። ቻፕተሩ በስፖንሰር ነው የሚንቀሳቀሰው፤ እራቱን የከፈለው ሰው ማይክም ይፈልጋል። አንዳንዱ ንግግር በግልጽ ብሮሹር ነው፣ ስላይዱ ላይ የምርቱ ስም ከሳይንሱ ይበዛል። እንዲህ ሲሆን ለፕሮግራም ኮሚቴው በጽሑፍ ንገራቸው። ካልነገርካቸው የመጣው ሰው ሁሉ ወዶታል ብለው ነው የሚያስቡት።

ነገር ግን ሻጭ ስለሆነ ብቻ ጆሮህን አትድፈን። ኤች.ኤል.ቢ. የምትለውን ቁጥር ታውቃለህ፤ ኢመልሲፋየር ስንመርጥ ከ0 እስከ 20 የምንቆጥርባት። ከ3 እስከ 6 ያለው ውኃን ዘይት ውስጥ ለመበተን፣ ከ8 እስከ 16 ያለው ዘይትን ውኃ ውስጥ ለመበተን። ይሄን ያመጣው ዊልያም ግሪፊን ነው። ጽሑፉ የወጣው በ1949 በዚሁ ማኅበር ጆርናል ላይ ነው። ግሪፊን የሚሠራው የት ነበር? አትላስ ፓውደር የሚባል ድርጅት፤ ድርጅቱ ደግሞ ስፓንና ትዊን የሚባሉትን ኢመልሲፋየሮች ሻጭ ነበር። ሰውየው ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ተቀጣሪ ነበር፤ ቁጥሩን ግን የማንንም ዕቃ የሚገዛ ሰው ዛሬም ይሠራበታል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለህ ከመቃጠል እጅህን አውጣ። ንጥረ ነገሩን በስንት ፐርሰንት ነው የሞከራችሁት በለው። 5% ላይ ሞክረው ውጤቱን አሳይተው፣ ለገበያ ግን 0.5% ጨምሩ የሚሉ ሞልተዋል። ከምን ጋር ነው ያነጻጸራችሁት በለው፤ ያው ክሬም ንጥረ ነገሩ ሳይገባበት ካልተሞከረ፣ ቆዳውን ያረጠበው ክሬሙ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሰው ላይ ነው ወይስ ሳህን ውስጥ ያለ ሴል ላይ? በስንት ሰው? የለካውስ ማነው? በትሕትና ጠይቅ፣ ሰውየው እንግዳ ነው። ጥሩ ተናጋሪ ከሆነ መልሱን ከስላይዱ ኋላ አዘጋጅቶት ታገኘዋለህ። ካልሆነም አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል፣ እራት ላይ አንተን ፈልገው የሚመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች አይጠፉም።