ሳይጎዱ ስፖርት መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

እንደምን ከረማችሁ። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ሩጫም ጂምም የጀመረው ሰው በዝቷል። የጉልበትና የባት ሕመም ጥያቄም አብሮ በዝቷል። እኔ ደብረ ማርቆስ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ሯጭም ገበሬም ይመጣልኛል። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ሰውነት «ይሄ ስፖርት ነው፣ ይሄ ሥራ ነው» ብሎ አይለይም። ሁሉንም ይቆጥራል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። አሁን የጤፍ አጨዳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቤተሰቤን አግዛለሁ። ርቀቱን የምጨርስበት ሰዓት እየረዘመ ነው። አሰልጣኜ ሰንፈሃል ይለኛል።

መልስ፦ አልሰነፍክም ወንድሜ። እስኪ ቁጥር እንሥራ። የሠራህበትን ደቂቃ በድካሙ መጠን አባዛው፤ ድካሙን ከ1 እስከ 10 አንተው ስጠው። 60 ደቂቃ ሩጫ በ5 ድካም 300 ይሆናል። 6 ሰዓት አጨዳ፣ ድካሙን 4 ብቻ ብትለው እንኳ፣ 1,440 ነው። ልምምድህ ከአጨዳው ሩቡን አያክልም ማለት ነው! ያውም ጎንበስ ብለህ፣ ወገብህና የታፋህ የኋላ ጡንቻ ተወጥሮ የዋለበት ነው። ልኬቱ ግምት ነው፤ ግን እውነቱን ያሳያል። ይህን ለአሰልጣኝህ አሳየው።

አጨዳና ውቂያ እስኪያልቅ ሩጫውን በግማሽ ቀንሰው። በሳምንት አንድ ቀን አጠር ያለ ፈጣን ሩጫ ያዝ፤ ሌላው ቀላል ይሁን። ቀላል ማለት እያወራህ የምትሮጠው ነው። ረጅሙን ሩጫ ለጊዜው ተወው። ሥራው ሲያልቅም በአንዴ ወደ ድሮው አትመለስ።

ጥያቄ (እሱው)፦ ድካሙ ከልክ ማለፉን በምን ልወቅ?

መልስ፦ አንድ ሁለት ቀን አርፈህ የሚለቅህ ድካም ጤነኛ ነው። አርፈህም ሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍ ከነሳህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ በትንሽ ትልቁ ከተናደድክ፣ ጉንፋን ከተመላለሰብህ ከልክ አልፏል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህን ለአንድ ደቂቃ ቁጠር። የተለመደውን ካወቅህ በኋላ ለተከታታይ ቀናት ከ5 እስከ 10 ከጨመረ አርፍ። ግን ተጠንቀቅ። ወባ፣ ታይፎይድና የደም ማነስም ልክ እንዲህ ያደክማሉ። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደህ ከነበረና ትኩሳት ካለህ፣ ከሁሉ በፊት ደምህን ተመርመር።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ኳስ ስጫወት ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። አብጧል። አባቴ ወጌሻ ጋ እንሂድ ይላሉ።

መልስ፦ መጀመሪያ ይህን ንገረኝ፦ በእግርህ አራት እርምጃ መራመድ ትችላለህ? ወዲያው ስትጎዳም አሁንም ካልቻልክ፣ ወይም ቁርጭምጭሚትህ ላይ ግራና ቀኝ ጎላ ብሎ የወጣውን አጥንት ከኋላ ጠርዙ ስትጫነው ካመመህ፣ ራጅ ያስፈልግሃል።

መራመድ ከቻልክ ለሁለት ሦስት ቀን እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ። በተለጣጭ ፋሻ ለስለስ አድርገህ እሰረው። ቀዝቃዛ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርግበት። ሙቅ ውኃ፣ መታሸትና አረቄ በነዚህ ቀናት ይቅሩ፤ እብጠቱን ይጨምሩታል።

ስለ ወጌሻ በግልጽ ልናገር። ሕዝባችን በእነሱ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ አልሰድባቸውም። የምፈራው ግን አንድ ነገር አለ፤ በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ አድርጎ ማሰር። ያበጠ እግር ሲጠብቅ ደም አይዘዋወርም። እግር ይሞታል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ፣ ያ እስር በዚያችው ሰዓት ይፈታ፤ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። አባትህን «መጀመሪያ ራጅ እንነሣ፣ ከዚያ እንመካከር» በላቸው። እሺ ይላሉ።

እብጠቱ ሲጎድል ማረፍ ብቻውን አይበቃም። ጠዋት በመፋቂያ ጥርስህን ስትፍቅ በተጎዳው እግር ብቻ ቁም። መጀመሪያ ግድግዳ ያዝ፣ ኋላ ልቀቅ። ወለምታ የሚደጋገመው ሚዛኑ ሳይመለስ ሜዳ ስለሚገባ ነው። በአንድ እግርህ ሳያምህ ዘለህ፣ ዞረህ፣ ሮጠህ ስታበቃ ተጫወት።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ሯጭ ነኝ። የቅልጥሜ አጥንት ያመኛል፤ ማታ ማታም ይጠዘጥዘኛል። ልናገር አፍሬ ነበር እንጂ የወር አበባዬም ከቀረ ወራት ሆነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መናገርሽ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱ የተያያዙ ሊሆኑ ስለሚችሉ አንድ ላይ ልመልስልሽ።

አጥንቱን በጣትሽ ጫኚው። ሕመሙ መዳፍ በሚያህል ቦታ ተበትኖ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን ተቆጥቶ ነው። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ስትዘዪም ካመመሽ፣ ማታም ከጠዘጠዘሽ የአጥንት ስንጥቅ መጠርጠር አለበት። ሩጫውን ዛሬ አቁሚ። ሐኪም ይይሽ። ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ «ራጁ ደህና ነው» ቢሉሽም ሕመሙ ካለ አትሩጪ። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል።

የወር አበባ መቅረት የጠንካራ ሯጭ ምልክት ነው የሚሉ አሉ። ፈጽሞ አይደለም። የምትበይው ከምትሠሪው ሲያንስ ሰውነትሽ ይቆጥባል፤ ቀድሞ ከሚያቆማቸው አንዱ የወር አበባ ነው፣ ከዚያ አጥንትሽ ይሳሳል። ሌላ ምክንያትም ሊኖር ስለሚችል እሱንም ተመርመሪ። የሴት ልጆችን ክብደት እያዩ «ቀጠንሽ፣ ጎበዝ» የምትሉ አሰልጣኞች ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ። ልጆቻችን እየተሰበሩ ነው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ በዓቢይ ጾም ልምምድ ላቁም?

መልስ፦ አታቁም፣ ግን አትጨምር። 55 ቀን የያዝከውን ጠብቀህ ማለፍ በቂ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳትበላ ሳትጠጣ የምትውል ከሆነ ከባዱን ልምምድ ጠዋት አታድርገው። በልተህ፣ ጠጥተህ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተህ አመሻሽ ላይ ሥራው። ጠዋት እርምጃ ይበቃል። ማዕዱ ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ አይጉደል። በሶ ለሯጭ ወርቅ ነው፤ ኃይል ይሰጣል፣ ለሆድም አይከብድም። ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቀው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት እንዳትወስድ ያደርግሃል።

ጥያቄ፦ ከሩጫ በፊት ሰውነት ማሳሳብ ጉዳት ይከላከላል?

መልስ፦ ቆሞ ረጅም ማሳሳብ ያን ያህል አይከላከልም። 10 ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ ማሟሟቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከልምምድ በፊት ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እውጣለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሕመም ማስጠንቀቂያ ነው፤ አፍነኸው ስትሮጥ ጉዳቱ ይሰፋል። በባዶ ሆድና ውኃ ጠምቶህ ከሆነ ደግሞ ጨጓራህንና ኩላሊትህን ይጎዳል። ተወው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሁለት ወር ሮጥኩ። ትንፋሼ ተሻሽሏል። ግን ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ጠዋት ይደርቅብኛል። በቅርቡ ወደ ደብረ ማርቆስ ልዛወር ነው።

መልስ፦ ልብና ሳንባ በሳምንታት ይጎብዛሉ፤ ጅማት ወራት ይፈልጋል። ትንፋሽህ «ጨምር» ሲልህ ጅማትህ ገና አልደረሰም። ዳገቱንና ፍጥነቱን ለጊዜው ቀንስ። ደረጃ ላይ በእግር ጣትህ ቆመህ ቀስ እያልክ ተነሥ፣ ቀስ እያልክ ውረድ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ያህል። ስትመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በድሮ ሰዓትህ አትመዘን፤ በትንፋሽህ ሂድ።

ጥያቄ (የባሕር ዳር ጂም)፦ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ትናንት እግር በጣም ሠራሁ። ዛሬ መራመድ አቃተኝ፣ ሽንቴም ቡና መስሏል።

መልስ፦ ይህን እንዳነበብክ ተነሥና ሆስፒታል ሂድ። ነገ አትበል። ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲፈርስ ኩላሊት ይዘጋል። የሠራኸውንና የሽንትህን ቀለም ንገራቸው።

ጥያቄ (ከደጀን፣ አንዲት እናት)፦ ልጄ፣ ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል። መንቀሳቀስ ልተው?

መልስ፦ አይተዉ እማማ። ጉልበት ተቀምጦ ሲውል ይብስበታል። ቁልቁለቱን ምርኩዝ ይዘው፣ እርምጃዎን አሳጥረው ይውረዱ። ቤት ውስጥ ጠንካራ ወንበር ላይ ይቀመጡና እጅዎን ሳይደገፉ ይነሡ፤ ካልቻሉ ይደገፉ። የሚችሉትን ያህል ደጋግመው፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ይሥሩት። ሲሠሩ ትንሽ ቢያምዎ አይደንግጡ፤ በማግሥቱ ከባሰ ግን ቁጥሩን ይቀንሱ። ጉልበትዎ ካበጠና ከጋለ፣ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ሳይቆዩ ይምጡ፣ አየዋለሁ።